ጭዱ ላይ ምን ተረጭቶ ነበር?

ባቄላው በደንብ ይበቅላል። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች እንከን የላቸውም። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቅጠሉ መዘርጋት ትቶ ጠርዙን ወደ ላይ ያጥፍና እንደ ሲኒ ይጎደጉዳል፣ ግንዱ ይጣመማል፣ ጫፉ ቁልቁል ታጥፎ ይቀራል። አጠገቡ ያለው ቲማቲም ቅጠሉ ይቀጥንና እንደ ክር ይጠቀለላል። ድንቹ ከመሬት ሲወጣ እጁን እንደጨበጠ ሕፃን ተኮማትሮ ነው። እዚያው መደብ ላይ የተተከለው ጎመን ግን ይፋፋል፣ በቆሎውንም አንድ ነገር አልነካውም።

ይህን መልክ ያየ ሰው መጀመሪያ ውሃውን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ በሽታ፣ ከዚያ ዘሩን የሸጠለትን ሰው። የሰው ዓይን ነው የሚልም አይጠፋም። መደቡ ላይ የተበተነውን ፍግና የተነጠፈውን ጭድ የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። ኮምፖስት የተፈጥሮ ነገር ነው፣ የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም ተብሎ ይታመናልና። ሆኖም ባቄላ፣ ቲማቲምና ድንች አንድ ላይ ተጣምመው በቆሎና ጎመን ደህና ከሆኑ መጀመሪያ መታየት ያለበት በብስባሹ (በኮምፖስቱ) ወይም በጉዝጓዙ (መደቡ ላይ በተነጠፈው ጭድ) በኩል የገባ ፀረ-አረም ነው።

ከለገጣፎና ሰንዳፋ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላንና ቱሉ ዲምቱ ጓሮ ያለው ሰው አትክልት መትከሉ አዲስ ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ግን ባዶ የነበረው ቦታ ሁሉ መደብ ወጥቶለታል፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲወደድ ደግሞ የፍግና የኮምፖስት ፈላጊው በዛ። የገጠሩ ገበሬ የራሱን ላም ፍግ የራሱ ማሳ ላይ ስለሚጥል ማሳው ላይ ምን እንደረጨ ያውቃል። የከተማ ዳርቻው ባለ ጓሮ ጭዱን ከአይሱዙ ላይ ይገዛል፣ ፍጉን የወተት ላም ከሚያረባ ጎረቤት ይወስዳል፣ የተዘጋጀ ኮምፖስት ሲፈልግም በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ከሚሸጥለት ይገዛል። መርዙ የተሸጠበት ጠርሙስ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ ጭዱ ላይ ምንም አልተለጠፈም። ከገበሬው ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ ከብት አርቢ፣ ከከብት አርቢው ወደ ጓሮ ሲደርስ ምን እንደተረጨበት ሊናገር የሚችል ሰው በመንገድ ላይ ጠፍቷል። ቀሪው ጽሑፍ በሙሉ ይህን የጠፋ መረጃ በሌላ መንገድ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ነው።

መበስበስ የማይበግረው

ፀረ-አረም ሁሉ አንድ ባሕርይ የለውም። ለዚህ ጉዳይ የሚያሰጉት አሚኖፒራሊድ፣ ክሎፒራሊድና ፒክሎራም የሚባሉት ናቸው። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሲሆኑ የተክልን የዕድገት ሆርሞን አስመስለው ይሠራሉ። ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ይህን የሐሰት ሆርሞን ሲያገኝ ዕድገቱ ልጓም ያጣል፤ መጣመሙና መጎድጎዱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሣርና የሣር ዘመዶች ማለትም ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ ግን ይቋቋሙታል። ለግጦሽ መሬትና ለእህል ማሳ የተሠሩትም ለዚሁ ነው፤ አረሙ ይሞታል፣ ሣሩ ይቆማል።

ሣሩ ቆመ ማለት ግን መርዙን አጠፋው ማለት አይደለም፤ በገለባው ውስጥ ይዞት ይቆያል። ላም ብትበላው አንጀቷ አይሰባብረውም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ይበልጡን በሽንቷ፣ ሳይለወጥ ይወጣል። ለዚህ ነው በጋጣ ውስጥ ከደረቁ እበት ይልቅ ሽንት የጠጣው የመኝታ ጭድ የበለጠ የሚያሰጋው። ከዚያ ክምሩ ላይ ይሄዳል። ጥሩ ኮምፖስት ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ ይህ ሙቀት የአረም ዘርንና ብዙ የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል፣ እነዚህን ሦስት ኬሚካሎች ግን አያጠፋም። የሚያፈርሷቸው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱም አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋሉ። መርዙ ከገለባው እንጨታማ ክፍል ጋር ስለሚጣበቅ ገለባው እየበሰበሰ በሄደ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል። ደርቆ የተከመረ ጭድ ውስጥማ መፍረሱ ቆሟል ማለት ይቻላል። «ሁለት ዓመት የቆየ ጭድ ነው» የሚለው ማስተማመኛ ጣራ ሥር ለተቀመጠ ጭድ ዋጋ የለውም።

መጠኑን በቁጥር ማየቱ ይረዳል። በአንድ ሄክታር የግጦሽ መሬት ላይ 100 ግራም መርዝ ተረጨ እንበል፤ ከዚያ መሬት 40 ኩንታል ድርቆሽ ታጨደ። መርዙ በሙሉ ሣሩ ላይ ቢቀር በኪሎ 25 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከቢሊዮን 25 ሺህ ክፍል ይደርሳል። እርግጥ በሙሉ አይቀርም፤ ግማሹ አፈር ላይ ይወድቃል፣ የቀረውም ይቀንሳል። ለጋስ ሆነን ከ1,000 ክፍል 999ኙ ጠፋ ብንል እንኳ ከቢሊዮን 25 ክፍል ይተርፋል። ይህ ድርቆሽ የብስባሹ ሩብ ቢሆን ወደ 6 ይወርዳል፤ ክምሩ ሲበሰብስ ግማሽ ያህል ስለሚከሳ ተመልሶ ወደ 12 ይወጣል። እንደ ባቄላ፣ አተርና ቲማቲም ያሉ ስስ ተክሎች ከቢሊዮን ከ1 እስከ 10 ክፍል በሆነ መጠን ይጎዳሉ። ከቢሊዮን 1 ክፍል ማለት በ10 ሺህ ኩንታል ብስባሽ ውስጥ የተቀላቀለ አንድ ግራም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መጠን በዓይን፣ በማሽተት ወይም በእጅ መለየት አይቻልም። ቤተ ሙከራም ቢሆን ለይቶ ለመለካት ውድ መሣሪያ ይጠይቀዋል።

ሌላ አገር የታየውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከተመረተ ኮምፖስት ውስጥ ክሎፒራሊድ ተገኝቶ የብዙ ሰው አትክልት ተበላሸ፤ ግዛቱም በ2002 ኬሚካሉን በመኖሪያ ቤት ሣር ላይ መርጨትን ከለከለ። በብሪታንያ በ2008 አሚኖፒራሊድ የተረጨ ሣር የበሉ ከብቶች ፍግ የከተማ አትክልተኞችን መደብ አጣመመ፤ ሽያጩ ታግዶ ቆይቶ ጠበቅ ባለ ሁኔታ ተመለሰ። በሁለቱም ቦታ አትክልተኛው እጁ ላይ አንድም የመርዝ ጠርሙስ አልያዘም ነበር።

ቱ ፎር ዲ እና የጀርባ መርጫው

በእኛ አገር የስንዴና የጤፍ ማሳ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲረጭ የኖረው ቱ ፎር ዲ ነው፤ ገበሬው «የአረም መድኃኒት» ሲል ብዙ ጊዜ እሱን ማለቱ ነው። (መርዝን መድኃኒት ማለታችን ለጥንቃቄ አልጠቀመንም።) እሱም ሆርሞን አስመሳይ ስለሆነ የሚያሳየው ጉዳት ከላይ ከተገለጸው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ እርጥብና ሕይወት ባለው አፈር ውስጥ በአሥር ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስንዴ ላይ ቡቃያው መንሰራፋት ሲጀምር፣ ከተዘራ በአንድ ወር ገደማ ተረጭቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የታጨደ ማሳ ጭዱ ይዞት የሚመጣው ቅሪት አነስተኛ ነው፤ በደንብ የተብላላ ኮምፖስትም የቀረውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቱ ፎር ዲን በብስባሽ በኩል ዋና ተጠያቂ ማድረግ ትክክል አይመስልም። ራውንድ አፕ እየተባለ የሚጠራው ግላይፎሴትም አፈር ሲነካ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ከሥር ስለሚርቅ በዚህ መንገድ እምብዛም አይጎዳም፤ በቅርቡ ተረጭቶበት የጠወለገ አረም ሰብስቦ በችግኝ ዙሪያ መጎዝጎዝ ግን ሞኝነት ነው።

ቱ ፎር ዲ ጓሮ የሚገባው በሌላ በር ነው፤ በጀርባ መርጫው። አንዱ ጎረቤት ስንዴውን ይረጭበትና ለሌላው ያውሰዋል፤ ሌላው ውሃ አለቅልቆ ቲማቲሙ ላይ የፈንገስ መከላከያ ይረጭበታል። ቱቦው፣ ማጣሪያውና አፍንጫው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ጠብታ ለቲማቲም ትበቃለች። መርጫው ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ውሃው በእያንዳንዱ ጊዜ በአፍንጫው ተረጭቶ መውጣት አለበት። ከዚያ በሳሙና ዱቄት ውሃ ተሞልቶ አድሮ እንደገና ይታጠባል። ይህን ሁሉ ከማድረግ የአረሙን መርጫ ለብቻው መለየት ይቀላል።

መርዙ ጎረቤት ማሳ ላይ ሲረጭ በነፋስም ሊመጣ ይችላል፤ ይህንና በብስባሽ የመጣውን ለመለየት የጉዳቱን አቀማመጥ መመልከት ነው። በነፋስ የመጣ ጉዳት በማሳው በኩል ያለውን ዳር ይጠነክርበታል፤ የነካው አጥርም ይሁን አረም አይመርጥም፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላም የሚወጣው አዲስ ቅጠል እየተስተካከለ ይሄዳል። በብስባሽ የመጣው የመደቡን ቅርጽ ይከተላል፤ ፍግ የተደረገበት መስመር ታሞ ያልተደረገበት ደህና ይሆናል፣ አዲሱም ቅጠል ተጣምሞ መውጣቱን ይቀጥላል። ሥሩ በየቀኑ ስለሚመገበው ነው።

ጭድ ሲገዛ

ሻጩን «የተረጨ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይረዳም። መልሱ «አይደለም» ነው፤ ውሸትም ባይሆን አያውቅም። የሚሻለው ጭዱን ራሱን ማየት ነው።

አስተማማኙ የጥራጥሬ ገለባ ነው። የባቄላ፣ የአተር፣ የምስር ወይም የሽምብራ ማሳ ላይ እነዚህ ኬሚካሎች ቢረጩ ኖሮ ሰብሉ ራሱ አይቆምም ነበር፤ ገለባው መኖሩ ማስረጃ ነው። በቢሾፍቱ በኩል የሽምብራና የምስር ገለባ ይገኛል። ለከብት መኖ ይፈለጋል፤ ናይትሮጅኑ ስለሚበዛ ለኮምፖስትም የተሻለ ነው።

ድርቆሽ ሲሆን ማገጥ ፈልጉ። የሱሉልታና የሰንዳፋ ሜዳ ድርቆሽ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲታጨድ ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥ አብሮ ይታጨዳል። ማገጥ የባቄላ ዘመድ ስለሆነ ለእነዚህ መርዞች በጣም ስስ ነው። ከእስሩ መሐል እፍኝ ሙሉ አውጥቶ ነጭ ጨርቅ ላይ መበተን ነው፤ የማገጥ ቅጠልና የደረቀ አበባ በብዛት ከታየ ሜዳው በዚያ ዓመት አልተረጨም ለማለት ይቻላል። ሣር ብቻ ከሆነ የግድ ተረጭቷል ማለት አይደለም፤ መሬቱ በተፈጥሮው ማገጥ የማያበቅል ሊሆን ይችላልና ከታች ለሚገለጸው የባቄላ ሙከራ ይቆይ። ነጋዴው ከተለያየ ሜዳ ቀላቅሎ ከሆነም ከአንድ እስር ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከሦስት አራቱ መውሰድ ያስፈልጋል።

የስንዴና የገብስ ገለባ ይበልጥ ይጠረጠራል፤ በሰፊው የሚረጭ ሰብል ስለሆነ። የጤፍ ጭድም ከዚሁ ይመደባል። በዓል ሲያልፍ ከቤት የሚጠረገው ቄጤማ ከወንዝ ዳር ስለሚመጣ ስጋቱ ትንሽ ነው፤ እሱን ያለ ሐሳብ ወደ ብስባሽ ጉድጓዱ መጣል ይቻላል። የቪላ ግቢዎች ሣር ግን ሌላ ነው። አትክልተኛው ሰፊ ቅጠል አረም የሚገድል ነገር ረጭቶ በሳምንቱ ያጨደው ሣር በከረጢት ተሞልቶ «ለኮምፖስት ውሰዱ» ሲባል በነፃ ስለሆነ ብቻ መቀበል አይገባም።

ላም አርቢውን ግን በደንብ መጠየቅ ይቻላል፤ ድርቆሹንና ጭዱን ከየት እንዳመጣ ያውቃልና። የግጦሽ መሬቱን ራሱ የሚረጭ ከሆነ ጠርሙሱን ማየት ነው። የንግድ ስሙ በየዓመቱ ስለሚቀያየር እሱ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አክቲቭ ኢንግሬዲየንት የሚባለውን መስመር አንብቡ። ከላይ ከተጠቀሱት ሦስት ስሞች አንዱ ካለበት የዚያ ከብት ፍግ ለአትክልት አይሆንም። የነዚህ ኬሚካሎች መለያ ወረቀት ራሱ የተረጨውን ሣርም ሆነ ፍጉን ለኮምፖስት እንዳታውሉ ይላል። ጥሩው ነገር የላሟ ሆድ ቶሎ መጥራቱ ነው፤ ያልተረጨ መኖ ለሦስት ቀን ከበላች በኋላ የጣለችው እበት ደህና ነው። እርግጥ በዚያ ጊዜ የመኝታው ጭድም አብሮ መቀየር አለበት።

የባቄላው ሙከራ

ቤተ ሙከራ በውድ መሣሪያ የሚለካውን መጠን ባቄላ በነፃ ይናገራል። ሙከራው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ስለሚወስድ ለሰኔ ተከላ የሚሆነው ብስባሽ ሚያዝያ ላይ መሞከር አለበት። ሐምሌ ላይ ብርዱና ደመናው ባቄላውን ስለሚያዘገየው ውጤቱም ይዘገያል።

መጀመሪያ ናሙና ነው፤ ሙከራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ከክምሩ ላይ አንድ አካፋ ማንሳት አይበቃም። ከስምንት እስከ አሥር ቦታ፣ ከላዩም ከመሐሉም ከታቹም አንድ አንድ ጣሳ ተወስዶ ባልዲ ውስጥ ይደባለቃል። መርዙ በክምሩ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ አንድ እስር ድርቆሽ ብቻ ተረጭቶ ከሆነ እሱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው የሚመረዘው። በከረጢት የተገዛ ከሆነ ከእያንዳንዱ ከረጢት ትንሽ ይወሰዳል።

ቀጥሎ ንጹሕ አፈር ያስፈልጋል። ንጹሕ የሚባለው ፍግም ጭድም ኮምፖስትም ነክቶት የማያውቅ፣ ከግቢው ጥግ ወይም ከአጥር ሥር የተቆፈረ አፈር ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ግን አይወሰድም፤ የቅጠሉ ብስባሽ ራሱ ብቅለትን ስለሚያፍን ሙከራውን ያበላሸዋል። ብስባሹና አፈሩ በጣሳ እየተለካ እኩል በእኩል ይቀላቀላል። ብስባሹን ብቻውን መጠቀም ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ጨውና አሞኒያ ባቄላውን ያቃጥሉትና የቱ ምን እንዳደረገ ይጠፋል።

ለማሰሮ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ላይ ተቆርጦ ታቹ በምስማር አራት ቦታ ተበስቶ ይበቃል። ስድስት ያስፈልጋሉ፤ ሦስቱ በድብልቁ፣ ሦስቱ በንጹሕ አፈር ብቻ ይሞላሉ። በላያቸው በእስክሪብቶ ይጻፍባቸው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የትኛው የቱ እንደነበር መርሳት ከምትገምቱት በላይ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ባቄላ ሁለት ጣት ያህል ጠልቆ ይዘራል። ከገበያ የተገዛ ያልተከካ ባቄላ ይበቃል፤ በነቀዝ የተበሳውን ለቅሞ መጣልና የቀረውን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ማሳደር ግን ያስፈልጋል። ሁለቱ ወገኖች ተመሳሳይ ፀሐይ እንዲያገኙ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከሥራቸው የሚወጣው ውሃ ግን እንዳይገናኝ በተለያየ ሳህን ወይም ክዳን ላይ ይሁኑ። እነዚህ መርዞች በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሙ የአንዱ ፍሳሽ ሌላውን ይመርዘዋል።

ከዚያ መጠበቅ ነው፣ ያለ ችኮላ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ከፍሬው ስንቅ ስለሚያድጉ ደህና ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «ደህና ነው» ብሎ ማሰሮውን የሚደፋው ለዚህ ነው። ፍርዱ የሚሰጠው ከሦስተኛው ቅጠል በኋላ ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ቀጥ ብለው ካደጉ ብስባሹ ለማንኛውም አትክልት ይሆናል። የድብልቁ ብቻ ቅጠሉ ከጎደጎደ፣ ከቀጠነ፣ ግንዱ ከተጣመመ ወይም ጫፉ ከተቀለበሰ መርዝ አለበት። ሁለቱም ከታመሙ ችግሩ ዘሩ፣ ውሃው ወይም «ንጹሕ» የተባለው አፈር ነውና ሌላ አፈር ፈልጎ እንደገና መጀመር ነው። የድብልቁ ሳይጣመም ቢጫ ሆኖ ከቀጨጨ ወይም የቅጠሉ ጠርዝ ከተቃጠለ ብስባሹ አልበሰለም፣ ወይም የዶሮ ፍግ በዝቶበታል፤ ሁለት ወር ተጨማሪ እየተገላበጠ ቢቆይ ይስተካከላል።

ጉዝጓዝ ለሚሆን ጭድ ሙከራው አጭር ነው። ጭዱ ተከታትፎ ባልዲ ሙሉ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ ይሞላበትና 24 ሰዓት ያድራል። ያ ሻይ የመሰለ ውሃ ተጠልሎ ለሦስት ማሰሮ ባቄላ ወይም የቲማቲም ችግኝ ለሁለት ሦስት ሳምንት ይጠጣል፤ ሌሎች ሦስት ማሰሮዎች የቧንቧ ውሃ ይጠጣሉ። አነባበቡ ያው ነው።

ኮምፖስት በከረጢት የሚሸጡ የተደራጁ ወጣቶች ይህን ሙከራ ለእያንዳንዱ ክምር ቢያደርጉና ማሰሮዎቹን መሸጫቸው በር ላይ ቢደረድሩ ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ ይሸጡ ነበር። ወጪው ስድስት ሃይላንድና አንድ እፍኝ ባቄላ ነው። የአረም መርዝ የሚሸጡ የግብርና ግብዓት መደብሮችም ገበሬው ሲገዛ «የዚህን ማሳ ጭድ ለአትክልተኛ አትሽጥ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ብዙ መደብ ይድን ነበር፤ የጠፋው መረጃ የነበረው እነሱ ጋ ነውና።

መስለው የሚያታልሉ

ባቄላ ሲጣመም ሁሉ መርዝ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ቆርምድ የሚሉት የባቄላ በሽታም ቅጠሉን ያኮማትራል፤ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው፣ ቆርምድ ከሆነ አረንጓዴና ቡናማ ኪንታሮት የመሰለ እባጭ ይታያል። መርዝ እባጭ አያበቅልም። ቲማቲም ላይ በነጭ ዝንብ የሚተላለፍ ቫይረስ ቅጠሉን ወደ ላይ ይጠቀልላል፣ ጠርዙንም ቢጫ ያደርገዋል፤ ግን አንዱን ተክል ይዞ አጠገቡ ያለውን ይዘላል። መርዝ መደቡን በሙሉ ነው የሚይዘው። ፀሐይ ሲበረታ ቲማቲም የታችኛውን ቅጠሉን ጠቅልሎ ማታ ይፈታዋል፤ ይህ በሽታም መርዝም አይደለም። ትኩስ ጭድ ከአፈር ጋር ሲቀበር ደግሞ ናይትሮጅኑን ይሻማና ሁሉም ተክል፣ ጎመኑም በቆሎውም ሳይቀር፣ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የበቆሎው ጤንነት እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር ነው።

አፈሩ ውስጥ ከገባ በኋላ

መደቡ ላይ የተነጠፈ ጉዝጓዝ ከሆነ ወዲያውኑ ይነሣ፤ በእያንዳንዱ ዝናብ ወደ ታች ይታጠባልና። ከአፈር ጋር የተቀላቀለን ብስባሽ ግን ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። ብዙ ውሃ በማፍሰስ አጥቦ ለማስወገድ መሞከር ደግሞ የባሰ ነው። የከተማው ዳርቻ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰው የበዛበት ነው፤ ከመደቡ የታጠበው ወደዚያ ወይም ወደ ጎረቤት ጓሮ ይወርዳል። ከሰል ፈጭቶ መበተንም ይመከራል ሲባል ይሰማል። ለዚህ የሚያገለግለው በፋብሪካ በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ የምድጃው ከሰል የመሳብ አቅሙ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ተስፋ ባይጣልበት ይሻላል።

የሚሠራው ተሕዋስያኑን ማገዝ ነው። አፈሩ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ በየሦስት አራት ሳምንቱ ይገለበጣል፣ በበጋም ቢሆን እርጥበቱ እንዳይጠፋ ቀለል አድርጎ ውሃ ይጠጣል። ደረቅ መሬት ላይ ተሕዋስያኑ ስለሚተኙ ከጥቅምት እስከ የካቲት ጦሙን ያደረ መደብ አምስት ወር እንደባከነ ይቆጠር። እንዲህ ከተያዘ በአንድ የክረምት ወቅት ሊጠራ ይችላል፤ መርዙ ከበዛ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያው መሬቱ ሥራ አይፈታም፤ በቆሎ ይተከልበት፣ ጎመንና ጥቅል ጎመንም እንደ ባቄላ ስስ አይደሉም። ባቄላ፣ አተር፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና ካሮት ግን ይቆዩ። የተጣመመውን ተክል ለምግብ ባያውሉት ይመረጣል፤ ተክሉን የሚጎዳው መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ መጣመሙ ብቻውን ለሰው ያለውን አደጋ አይለካም፣ ሆኖም ምን እንደገባ ሳይታወቅ መብላቱ አያስፈልግም።

ያልተጠቀሙበት የተመረዘ ብስባሽ ካለ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ አይሸጥምም። ሣር ብቻ በሚበቅልበት ቦታ ስስ አድርጎ መበተን ይቻላል፤ ያ ሣር ግን ታጭዶ ወደ ኮምፖስት ወይም ወደ ጋጣ እንዳይሄድ። የተመረዘው መደብ የበቆሎ አገዳም እንዲሁ ነው፤ ከአፈሩ የሳበውን ይዟልና ለላም አይሰጥም፣ ወደ ብስባሽ ጉድጓዱም አይመለስም፣ ተከታትፎ እዚያው መደብ ውስጥ ይቀበራል። በየሦስት ወሩ ከመደቡ አንድ ጥግ ላይ አምስት ስድስት ባቄላ ተዘርቶ ይታያል። ባቄላው አምስተኛ ቅጠሉን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ ሲያወጣ መደቡ ለቲማቲም ዝግጁ ነው።